ባዶ መኪና ለምን ዝቅ ትላለች?

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጠላት ዘመን፣ ጣልያን ሸዋ ሮቢት ላይ ኬላ አቁሞ መንገደኛውን ሁሉ እየፈተሸ በሚያሳልፍበት ጊዜ ነው። ከልቤ አልወጣ ያለኝ ግን ጣልያኑ አይደለም፤ ስሙን እንኳ የማላውቀው አንድ የራሳችን ሰው ነው። በብዙ ሰው ላይ ክፉ እንደሠራ ሰምቻለሁ። በእኔ ላይ ያደረገውን ክፉ ልበለው ወይስ ደግ፣ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም አልቆረጠልኝም።

ያን ጊዜ ሾፌር ነበርኩ። የምነዳት መኪና ዛሬ ፒክአፕ የምንላት ዓይነት፣ ከፊት ሁለት ሰው የምታስቀምጥ፣ ከኋላዋ ክፍት የሆነች ትንሽ የጭነት መኪና ነበረች። ባለቤቷ ሐጂ ኡመር የሚባሉ የሮቢት ነጋዴ ነበሩ። ከቆላው ጥጥና ጨው ወደ ደብረ ሲና ታወጣለች፤ ከደጋው ባቄላና ገብስ ታወርዳለች።

ሐጂ ጨው ስለሚያበዙባት ከኋላዋ ባሌስትራ አስጨምረውባት ነበር። ባሌስትራ ማለት ጎማው ዘንድ እንደ ቀስት ጎብጠው የተደራረቡት፣ ጭነቱን የሚሸከሙት ብረቶች ናቸው። ስትጫን እንደ በሬ ረጋ ብላ ትሄዳለች። ባዶዋን ስትሆን ግን ፍየል ናት። እያንዳንዷን ጠጠር እየዘለለች የሰው አንጀት ትበጥሳለች።

በዚያ ሰሞን እናቴ ማሽላ ስትጠብቅ ከማማ ላይ ወደቀች። ወፍ ለማባረር ወንጭፍ ስታወናጭፍ የማማው ርብራብ ከሥሯ ተሰበረና በጭኗ አረፈች። ወጌሻው መጥተው አጥንቱን ገጣጥመው በቀርከሃ አሰሩት። እናቴ ሲያማት አትጮኽም፣ ትሳደባለች። ወጌሻውን ከነዘር ማንዘራቸው እየሰደበቻቸው ሥራቸውን ጨረሱ።

ላባቸውን እየጠረጉ ወደ ደጅ ወሰዱኝና፣ "ይህ አጥንት ገና እርጥብ ነው። ከተናጋ ይሸሻል። ከሸሸ ደግሞ እኔን አትጥራኝ፣ እግሯ እንደሆነ ቀረ" አሉኝ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ከመንደራችን በላይ ካለው ጉብታ የጣልያን መኪኖች ላይ ተተኮሰ። መንደራችን ከጀውሃ ወደ ሮቢት ሲመጡ ከመንገዱ ዳር ነበረች። ማን እንደተኮሰ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አልተናገረም። በማግሥቱ ጠዋት ወታደር መጣና መንደሩ ነገ ከቀትር በፊት ባዶ ይሁን ብሎ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ከነሰዉ ይቃጠላል ተባለ።

ሰው እህሉን በአህያ፣ ልጁን በጀርባው አድርጎ ወደየዘመዱ ይበተን ጀመር። የእናቴ ወንድም ያለው ደብረ ሲና ነው። ጎረምሶች "በቃሬዛ እንሸከማታለን" ብለው መጡ። ነገር ግን ጎረምሶች ተሰብስበው መንገድ ላይ ከታዩ ሽፍታ ናቸው ተብለው ይተኮስባቸዋል። በቅሎ አይታሰብም። እኔ መቆምም መቀመጥም አቃተኝ። ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ቤት ስመላለስ ሚስቴ እልፍነሽ፣ "ሰውዬ፣ ወይ አንድ ነገር አድርግ፣ ወይ ቁጭ በል! እኔንም አዞርከኝ" አለችኝ።

ወደ ሐጂ ሮጥኩ።

"ሐጂ፣ መኪናዋን ለነገ ያውሱኝ፤ እናቴን ደብረ ሲና ላድርስ" አልኳቸው።

"ውሰድ" አሉኝ ወዲያው። ትንሽ ቆይተው ግን ጺማቸውን እያሻሹ፣ "ወላሂ፣ ባዶዋን ከሄደች እናትህን ትገድልብሃለች። ጨው ጫንባትና ትረጋጋ" አሉ።

"ጭነት ካለ ኬላ ላይ እስከ ታች ያራግፉታል። እናቴ ፀሐይ ላይ ልትውል ነው። ከፈቀዱልኝ ባሌስትራዋን ልቀንስላት።"

"ታውቅበታለህ?"

"ድሬዳዋ ጋራዥ ሳለሁ ሲሠራ አይቻለሁ።"

"አይቻለሁ ይላል እንዴ ሰው! ኢንሻአላህ በልና ሞክር" አሉ። ልወጣ ስል ክንዴን ያዙኝ። "ደግሞ ጣልያንኛ መስማትህን ኬላ ላይ እንዳታሳይ። ተኩስ የተነሣበት መንደር ሰው ሆነህ ቋንቋቸውን ካወቅህ ሰላይ ነው ይሉሃል።"

ጣልያንኛው እዚያው ድሬዳዋ፣ ከጦርነቱ በፊት አብረውኝ ከሠሩት ጣልያኖች የለቀምኩት ነው። መናገሩ ያዳግተኛል፤ ስሰማ ግን ብዙ አያመልጠኝም።

መኪናዋን እቤቴ ደጅ አቆምኩ። እናቴን ከነአልጋዋ አውጥተን ቁርቁራው ጥላ ሥር አስቀመጥናት። መንደሩ በአጠገባችን እየነጎደ ነው። አቧራ፣ የአህያ ጩኸት፣ ዶሮ አሳዶ መያዝ፣ "ምጣዱን ረሳሽው!" የሚል ሰው። እኔ መኪና ሥር ተኝቼ ዳዶ እፈታለሁ።

የኋላዋን በክሪክ አነሳናትና ከሥሯ ግንድና ድንጋይ ደገፍን። ብሎኖቹ በጨው ተበልተው ዝገዋል። ላምባ ባፈስባቸውም እምቢ አሉ። ቁልፉን በድንጋይ እየመታሁ እጄ ተላጠ። የሚያስፈራው ግን መፍታቱ አልነበረም። የታፈነ ባሌስትራ እንደ ተገተረ ቀስት ነው፤ መሐሉን ሰንጥቆ የሚያልፈው ብሎን ሲወጣ ብረቶቹ ተፈናጥረው ፊት ይሰብራሉ። መያዣ መሣሪያ የለኝም። እልፍነሽ ጠፍር በውሃ ነክራ አመጣችና እንደ ሕፃን ጠቀለለችው። ብሎኑን ሳወጣ ጠፍሩ ተንጫጫ፣ ተወጠረ፣ አልተበጠሰም።

ከታች በኩል ያሉትን፣ ሐጂ ያስጨመሯቸውንና ከእነሱ በላይ ካሉትም ጥቂቱን አወጣሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ብረቱ ስለቀነሰ ብሎኖቹ ረዘሙ። ዳዶው ጥርሱን ጨርሶ ቆሟል፤ ባሌስትራው ግን ይላወሳል። መኪናዋ ሥር እንደተኛሁ እግዚአብሔርን ማማረር ጀመርኩ።

"ምን ጎደለህ?" አለች እናቴ ከአልጋዋ ላይ።

"ክፍተቱን የሚሞላ ወፈር ያለ ብረት።"

"የአባትህ ያለቀ ማረሻ ከጎተራው ሥር ወድቋል። ዶማውም አለ። ለሚቃጠል ቤት ምን ልታስቀምጣቸው ነው?"

ማረሻውን በአንዱ በኩል ወተፍኩት። ጥብቅ አለ። ሁለተኛውን ጎን ለነጋታው አሳደርኩት፤ ወገግ ሲል በዶማው ሠራሁት። ጨርሰን ክሪኩን ስናወርድ የተደገፈችበት ድንጋይ ለሁለት ተሰነጠቀና መኪናዋ በአንድ ጊዜ ወረደች። እልፍነሽ ግንዱን ልታወጣ እጇን አስገብታ ነበር። እጇን ስትነጥቅ አየሁ፤ ጣቶቿ ይትረፉ ይቅሩ ግን አላወቅሁም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያየች ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ግንዱን እኔ ጎትቼ አወጣሁት።

የመኪናዋን ጭራ በእጄ ስጫነው ለስለስ ብሎ ወረደ፤ ስለቀው ለስለስ ብሎ ተነሣ። ከኋላዋ በጣም ዝቅ ብላ፣ የተኛች ግመል መስላ ነበር። ያኔ ደስ አለኝ እንጂ አንድም ክፉ ሐሳብ አልመጣብኝም።

የወጡት ብረቶች የሐጂ ንብረት ናቸው፤ ለሚቃጠል ቤት ትቻቸው አልሄድም። በጆንያ ጠቅልዬ ለእናቴ መኝታ መኪናዋ ላይ ካነጠፍነው ጥጥ ሥር ከተትኳቸው። ከላይ እናቴን አስተኛናት። እልፍነሽ እግሯን አቅፋ አጠገቧ ተቀመጠች።

በሰው እርምጃ ነዳሁ። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። መኪናዋ ግን ጎንበስ ቀና እያለች ታልፋለች። ትንሽ እንደሄድን እናቴ የጋቢናውን ጣራ በከዘራ መታች። ደንግጬ ቆምኩ።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ይህች መኪና ዛሬ ገና ጨዋ ሆነች ልልህ ነው። ንዳ!"

ሮቢትን አልፈን ድልድዩ አጠገብ ካለው ኬላ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። የኬላው አለቃ ካፖራሌ የሚሉት፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ወጣት ጣልያን ነው። አጠገቡ አስተርጓሚው ቆሟል። ይህን አስተርጓሚ መንገዱ ሁሉ ያውቀዋል። ታርቡሽ የሚሉትን ቀይ ቆብ ያደርጋል፤ አለንጋ ከእጁ አይለይም። ባንዳ ነው፤ በዚያ አለንጋ ሽማግሌ ሲገርፍ በዓይኔ አይቻለሁ። የመጣበትን አገር ማንም አያውቅም፤ አማርኛው ግን የጠራ ነው።

ካፖራሌው መኪናዋን ዞረ። ጎማዋን በጫማው መታ። ጎንበስ ብሎ ከኋላዋ ሥር አየ። ከዚያ ወደ አስተርጓሚው ዞሮ፣ "ባዶ መኪና ለምን ዝቅ ትላለች? ጠይቀው። ምን ደብቋል?" አለ በቋንቋው።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ለእናቴ ብዬ ያለሰለስኳት መኪና የጦር መሣሪያ የጫነች መስላለች።

አስተርጓሚው ሲጠይቀኝ፣ የእናቴ እግር እንደተሰበረ፣ እንዳትናጋ ባሌስትራዋን እንዳወጣሁ በአማርኛ ነገርኩት። እሱ ተርጉሞ ሳይጨርስ ወታደሮቹ ጥጡን በሳንጃ ይወጉ ጀመር። እልፍነሽ እናቴ ላይ ተደፋች። የአንዱ ሳንጃ ብረት ነካና ቀጭ አለ። ጆንያውን ጎትተው አወጡት። ሲፈቱት እነዚያ የጎበጡ ብረቶች ፀሐይ ላይ አብለጨለጩ።

ካፖራሌው ጮኸ። ቀጥቃጮች ከባሌስትራ ጎራዴና ጦር ይሠራሉ። ለአርበኞች ብረት አቀበልህ ተብሎ ከአጣዬ የተወሰደ ሰው ነበር፤ አልተመለሰም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እጄን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ያዙኝ።

"ለማን ነው የምታደርሰው? ከየት ነው የመጣኸው?" አለኝ አስተርጓሚው።

በድንጋጤ የመንደሬን ስም ጠራሁ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ከኋላችን፣ ከጀውሃ በኩል፣ ጥቁር ጭስ ወደ ሰማይ ቆሟል። መንደራችን ነው። ካፖራሌው ራሱ ጭሱን በጣቱ እያሳየ፣ "ከዚያ ነው የመጣው?" ብሎ ጠየቀ።

አስተርጓሚው ጭሱን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ፊቱ ምንም ሳይለወጥ በጣልያንኛ፣ "አይደለም። የሮቢት ገበያ ሰው ነው፤ የነጋዴው ሾፌር። እናቱ ወፍ ስታባርር ወድቃ ነው ይላል" አለ።

ጆሮዬን አላመንኩም። የሮቢት ገበያ ሰው ነኝ አላልኩም። ከማማ መውደቋንም ገና አልነገርኩትም ነበር። በኋላ ሳስበው፣ እልፍነሽ ለወታደሮቹ ስትጮኽ ሰምቶ ይሆናል።

በዚህ መሐል አንዱ ወታደር እናቴን ሊያወርድ ብብቷ ሥር ያዛት። እናቴ ያን የስድብ ድምፅዋን አወጣችው። ካፖራሌውን በከዘራዋ እያመለከተች፣ "አንተ ቀይ ዝንጀሮ! እንደ እኔ እግርህ ተሰብሮ፣ አገርህ ሳትገባ በእንፉቅቅህ ሂድ! እግዚአብሔር ያሳየኝ!" አለች።

ካፖራሌው "ምን ትላለች?" አለ።

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እግሬን አትንኩብኝ ትላለች። እግዚአብሔር እግርህን ይጠብቅልህ፣ አገርህም በሰላም ያግባህ ብላ መረቀችህ" አለ።

ካፖራሌው እናቴን አየ። ከዚያ እጁን አነሣና ወታደሩን "ተዋት" አለው።

አስተርጓሚው ጊዜ አላጠፋም። "ብረቱ የመኪናዋ ከሆነ ይገጥማል፣ ካልሆነ አይገጥምም። ላየው" አለው። ካፖራሌው ልብሱን አቧራ ሊያስነካ አልፈለገም። አስተርጓሚው እጄን አስለቀቀና አንዱን ብረት አስይዞኝ ሁለታችን መኪናዋ ሥር ተጎተትን።

በደረታችን ተኝተን ፊት ለፊት ተያየን። ብረቱን ከቀረው ባሌስትራ ጋር አስተያየሁት፤ መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ልክ ነው። እሱ ብረቱን አላየም። ከንፈሩን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ፣ "የመንደርህን ስም ሁለተኛ እንዳትጠራ" አለኝ።

በዓይኔ እሺ አልኩት።

"ቋንቋውን ትሰማለህ። ዓይንህ ይናገርብሃል። መሬት መሬት እይ።"

"በእናትህ..." ብዬ ስጀምር፣ "እናቴን ተዋት" አለኝ። ድምፁ ተለውጦ ነበር። ከዚያ የማረሻውን ብረት በጣቱ ነካ አደረገና፣ "ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"የአባቴ ማረሻ።"

ጥቂት ጊዜ ማረሻው ላይ እጁን እንዳሳረፈ ቆየ። ከዚያ ተጎትቶ ወጣ።

ለካፖራሌው ብረቱ እንደሚገጥም ነገረው። ካፖራሌው ብረቶቹን አልመልስም፣ እዚህ ይቀራሉ አለ፤ እኔን ግን ልቀቁት አለ። ወደ ጋቢናዬ ስዞር አስተርጓሚው ከኋላዬ መጣና በዚያ አለንጋ ጀርባዬን ገረፈኝ። ባለ በሌለ ኃይሉ ነው። ሸሚዜ ተቀደደ። "ሁለተኛ በእንዲህ ያለ መኪና እንዳላይህ! ሂድ!" ብሎ ጮኸ። ካፖራሌው ሳቀ። ወታደሮቹም ሳቁ።

እንዴት ሞተር እንዳስነሣሁ አላስታውስም። ደብረ ሲና እስክንደርስ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር በደም ተጣብቆ ነበር። እናቴን ስናወርዳት ማሰሪያዋ አልተነቃነቀም። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ።

ሐጂ ብረቶቹ መወረሳቸውን ስነግራቸው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ሰው ተመልሷል" ብለው ሌላ ነገር አላነሡም። እናቴ ደግሞ እርግማኗ እንዴት እንደተተረጎመ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ግን፣ "ምርቃቱን ለጣልያኑ፣ ግርፋቱን ላንተ። ምን ዓይነት ሰው ነው?" አለች።

ጣልያን ተሸንፎ ለእሱ ያደሩት ተይዘው በደብረ ሲና ሲያልፉ፣ ሰው መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ይሰድባቸው ነበር። እኔም ሄጄ ቆምኩ። ሳላስበው ከገበያ ዳቦ ገዝቼ ይዣለሁ። እልፍነሽ አየችኝና፣ "ብታገኘው ልትሰጠው ነው ልትወረውርበት?" አለችኝ። አላወቅሁም። እያንዳንዱን ፊት አየሁ። እሱ የለበትም። ሰልፉ ሲያልቅ ዳቦው በእጄ ውስጥ ተፈርፍሮ ነበር።

አንዳንዶች በድልድዩ አጠገብ ተገደለ አሉኝ። ሌሎች ከጣልያን ጋር ወደ ባሕር ወረደ አሉ። ይህን ስተርክ የሚቆጡኝ አሉ፤ "ባንዳ ባንዳ ነው፤ የገረፋቸውን ሽማግሎች ጠይቅ" ይሉኛል። ልክ ናቸው። ሽማግሎቹ አንዳቸውም ይቅር አልነው ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም ስለ እነሱ ይቅር ልል አልችልም።

ለራሴ ግን አንድ ነገር ልጠይቀው እመኛለሁ። በዚያ አለንጋ የገረፍከኝ ካፖራሌው እንዳይጠረጥርህ ነው፣ ወይስ እጅህ ለምዶ? ይህን ሳስብ ዛሬም ቁጭ ብዬ አልረጋም፤ ተነሥቼ ግቢዬን እዞራለሁ። መልሱ ምንም ቢሆን ግን እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራ፣ እያነከሰችም ቢሆን፣ በሁለት እግሯ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም አይቻለሁ።